ዲቫካራን የሚነቅሉት ሦስተኛ ገመድ

ቀን፦ ጁን 14 ቀን 2019

ለመንደር ንባብ ቤቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሱሎቻና ዲቫካራን፣ የካዳምባቶድ መንደር ንባብ ቤት ጊዜያዊ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የንባብ ቤታችን ኮምፒውተር የኔትወርክ ፖርት አለመቃጠሉን ስለማስታወቅ፤ በሟች ባለቤቴ ላይ የተጻፈው «በቸልተኝነት» የሚል ቃል እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካቿ የሟች አቶ ዲቫካራን ባለቤት ነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ባለቤቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የካዳምባቶድ መንደር ንባብ ቤት ኃላፊ ሆነው ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ባለፈው ኤፕሪል አንድ ጠዋት የዕለቱን ጋዜጦች በብብታቸው ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ወድቀው፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እስኪቀጠር ድረስ ንባብ ቤቱን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው ኀዘኔን ለጽሕፈት ቤትዎ ለማሰማት አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ሰዎች ኀዘን የሚሉት ነገር እኔ ጋ በደንብ አልደረሰም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ሩዝ እጥዳለሁ፣ ሄጄ በር እከፍታለሁ።

2. የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ አቶ ጂንሶን በሜይ ወር መጥተው ኮምፒውተሩን ከመረመሩ በኋላ የጻፉት ሪፖርት ቅጂ ደርሶኛል። እንዲህ ይላል፦ «የኔትወርክ ፖርቱ በመብረቅ ተቃጥሏል። ጉዳቱ የደረሰው የቀድሞው ኃላፊ በነጎድጓድ ወቅት ኮምፒውተሩን በቸልተኝነት ሳይነቅሉ በመተዋቸው ነው። ዕቃው ተሰብስቦ ይወገድ።»

የንባብ ቤቱ ኮሚቴ የባለቤቴን ፎቶግራፍ፣ ከእርሳቸው በፊት ንባብ ቤቱን ካገለገሉት ሟቾች ጎን ሊሰቅል ወስኖ ነበር። ምስማሩም ተመትቷል። ሪፖርቱ ሲመጣ ግን «ነገሩ እስኪጣራ ትንሽ ይቆይ» ተባለ። ኮሚቴውን አልወቅስም፤ መንግሥት ቸልተኛ ያለውን ሰው ግድግዳ ላይ መስቀል ለእነርሱም ይከብዳል። ፎቶው አሁን ቤቴ በስፌት መኪናዬ ላይ ነው። ልስፋ ስል አንስቼ አልጋ ላይ አደርገዋለሁ፤ ስጨርስ እመልሰዋለሁ። ምስማሩ ደግሞ ባዶውን አለ። በየቀኑ ከሥሩ ተቀምጬ ነው የምውለው።

3. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ አገር ሰማይ ሲያጉረመርም የማይነቅል ሰው የለም። ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ፋኑ ይቆማል፣ ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። በንባብ ቤቱ ማንም ሰው የሚነቅለው ሁለት ገመድ ነው። አንደኛው ከግድግዳው ሶኬት ወደ ዩፒኤሱ፣ ማለት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ወደሚያቆየው የባትሪ ሣጥን የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ኢንተርኔት የሚያመጣው፣ ፖርቱ በሚባለው ቀዳዳ የሚሰካው የኔትወርክ ኬብል ነው። ባለቤቴ ግን ሦስተኛም ይነቅሉ ነበር፤ ከባትሪው ሣጥን ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን። ይህንንም የሚያደርጉት ነጎድጓድ ሲኖር ብቻ አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢያመሽም፣ በር ከመዝጋታቸው በፊት ጠረጴዛው ሥር ገብተው ሦስቱንም ነቅለው ነው ወደ ቤት የሚመጡት።

በዚህም ሲቀለድባቸው ኖሯል። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ኩንጁራማን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናቸው፤ የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛም ናቸው። የተባባሉትን እንዳለ ብጽፈው ለጽሕፈት ቤትዎ ክብር እንደማይመጥን አውቃለሁ፤ ሆኖም ጉዳዩን ስለሚያስረዳ ይቅርታ እየጠየቅሁ እጽፈዋለሁ።

«አንተ ዲቫካራን፣ ግድግዳውን ነቀልክ፣ ኬብሉን ነቀልክ፤ ከዚህ በኋላ መብረቁ በምን በኩል ይገባል? ትኬት ቆርጦ ነው?»

«አንተ ያለ ትኬት ስንቱን ስታሳፍር ኖረሃል። እሱም እንደዚያው ይገባል።»

ቤትም ያው ነበሩ። ፍሪጁን ነቅለው መሰካቱን ይረሱና ሰርዲኑ ሸትቶ ያድራል። «አንተ ሰውዬ፣ መብረቁ ሳይደርስብን ዓሣው ሊጨርሰን ነው» እላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ወጣት ሳሉ የታላቅ ወንድማቸው ቤት ቴሌቪዥን በመብረቅ ሲፈነዳ ዓይናቸው እያየ ስለነበር፣ ምንም ብላቸው አይሰሙም። በቸልተኝነት የተከሰሱት እኒህ ሰው ናቸው።

4. ቀጥሎ ያለው ነገር ግልጽ እንዲሆን ስለ ኮምፒውተሩ ጥቂት መናገር አለብኝ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሲስተም አለው፤ ሲከፈት በአንዱ ወይም በሌላው ተመርጦ ነው የሚነሣው። ሕዝቡ የሚጠቀምበት፣ ኢንተርኔትም የሚገባበት ጽሕፈት ቤትዎ የጫነው ሊኑክስ ነው። ሁለተኛው ዊንዶውስ ነው፤ እርሱ የተቀመጠው የመንደሩ የጥሪ ወረቀት የሚጻፍበት የድሮ የቋንቋችን የማላያላም መጻፊያ በሌላ ስለማይሠራ ብቻ ነው። ቫይረስ ይገባል ተብሎ ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ጋር እንዳይገናኝ ኮሚቴው ከልክሏል። ሠርግ ሲኖር፣ የቤተ መቅደስ በዓል ሲኖር፣ ሰው ሲሞት፣ ወረቀቱን በዊንዶውስ የሚጽፉት ባለቤቴ ነበሩ። መንደሩ ትልቅ ስለሆነ ሠርግም ሞትም የሌለበት ሳምንት የለም።

ባለቤቴ ሲሞቱ የአሥራ ስድስተኛው ቀን ሥርዓት መጥሪያ መጻፍ ነበረበት። እኔ አልቻልኩም። አቶ ኩንጁራማን በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ጻፉት፤ አትመው ኮምፒውተሩን አጥፍተው ወጡ። የባለቤቴ ስም አጻጻፍ ላይ ስሕተት አልነበረም። ሌላውን አላነበብኩትም።

5. ሥርዓቱ አልቆ፣ እስከዚያ ተዘግቶ የቆየውን ንባብ ቤት ስከፍት ሊኑክሱ ተነሣ፤ ኢንተርኔት ግን የለም። የጡረታ ማረጋገጫ የሚያወጡ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ባለቤቴ ዝናብ ሰው ባስቀረባቸው ከሰዓቶች እያስቀመጡ ያስተማሩኝን ሁሉ ሞከርኩ። የፖርቱ መብራት አይበራም። ኬብሉን ከወተት ማኅበሩ ቢሮ በተዋስኩት ቀየርኩ፤ ያው ነው። ፖርቱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አውጥቼ መልሼ ጫንኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ገብቼ ብመለከት ፖርቱ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። በመጨረሻ በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፍኩ። የድምፁ አለ፣ የስክሪኑ አለ፣ የኔትወርኩ ግን የለም። ተበላሽቷል የሚል ጽሑፍ እንኳ የለም፤ ጭራሽ እንዳልነበረ ነው። እኔ የተበላሸ ነገር ቢያንስ ስሙ ይቀራል ብዬ ነበር የማስበው። ያን ዝርዝር ብዙ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ወደ ቤታቸው ሸኘሁና ለጽሕፈት ቤትዎ ደወልኩ።

እስከዚያ ድረስም ሆነ ከዚያ በኋላ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ነቅያለሁ። ነገር ግን እኔም እንደ ማንም ሰው ግድግዳውንና ኬብሉን ነበር የምነቅለው። የባትሪውን ሣጥን ገመድ መንካት የባለቤቴ አመል እንጂ የሥራው ሕግ ነው ብዬ አላሰብኩም። የሣጥኑ ማጥፊያ ቁልፍ ደግሞ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ሁልጊዜ እንደበራ ነው።

6. አቶ ጂንሶን ጨዋ ልጅ ናቸው። ሥራቸውንም በሚገባ ነው የሠሩት። እኔ የሞከርኩትን ሁሉ ደግመው ሞከሩ። ዊንዶውሱን እንዲያዩልኝ ብጠይቃቸው «እትዬ፣ እሱ የእኛ አይደለም፤ እኔ የታዘዝኩት ሊኑክሱን እንዳይ ብቻ ነው» አሉኝ። መመሪያው እንዲህ ከሆነ ምን ያድርጉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጨረሻ ኢንተርኔት የገባበትን ቀን ተመለከቱ። ባለቤቴ ከመሞታቸው በፊት የነበረው ቀን ሆኖ ተገኘ።

«በዚያን ቀን ማታ ነጎድጓድ ነበር እንዴ እትዬ?»

«ነበር። ኃይለኛ ነበር።»

«በቃ፣ እሱ ነው። ፖርቷ ሞታለች። በዚህ ወር ብቻ ስንት እንደዚህ አየሁ መሰልዎት። ማታውን ሳይነቀል ቀርቶ ነው።»

«እሳቸው እኮ ሳይነቅሉ አይመጡም» አልኳቸው።

«እትዬ፣ ያመማቸው ቀን ሊሆን ይችላል። ሰው ናቸው።»

ያን ማታ ባለቤቴ ዝናቡ ሲያባራ መጡ፣ እግራቸውን ታጠቡ፣ የሩዝ ሾርባቸውን ጠጡ፣ ተኙ። ስለ ገመድ አልተነጋገርንም። ማን ስለ ገመድ ይነጋገራል። እኔም ከጊዜ በኋላ «ምናልባት ረስተው ይሆናል» ማለት ጀመርኩ። እንዲህ ሳስብ ብናደድ ወይም ባለቅስ ደግ ነበር፤ ግን ሪፖርቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁና ቀሚስ መስፋቴን ቀጠልኩ።

7. በዚህ ወር መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ለመወገድ ሊወሰድ ነው፣ አዘጋጂ የሚል መልእክት ከጽሕፈት ቤትዎ ደረሰኝ። የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። ሁሉንም ገመድ ነቅዬ፣ ጠርጌ፣ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። የዝናቡ ጎርፍ ድልድዩን ስለሸፈነው መኪናው አልመጣም፤ ሌላ ቀን ይመጣል ተባለ። በማግስቱ ንባብ ቤቱን ስከፍት ባዶው ጠረጴዛ ፊት ለፊቴ ሆነ። ባዶ ጠረጴዛና ባዶ ምስማር አብሮ ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ ምንም ላልሠራበት ኮምፒውተሩን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ገመዶቹን ሰካሁ። ሊኑክሱን አስነሣሁት።

የፖርቱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ዝርዝሩን ባወጣ፣ የኔትወርኩ ስም በቦታው አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ተቀምጬ መብራቱን አየሁት። ጋዜጣ ሊያነቡ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ፤ ደህና ነኝ አልኩ።

8. ኢንተርኔቱ ስለተመለሰ ነገሩን ፈልጌ አነበብኩ። ይህ ነገር የገጠማቸው ሰዎች በየአገሩ አሉ። ዊንዶውስ ሲጠፋ አንዳንዱን የኔትወርክ ፖርት አስተኝቶት ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ቢነሣ፣ የተኛውን ፖርት ሊያየው አይችልም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ከሆነ ቦታ ጥቂት ኤሌክትሪክ እስከደረሰው ድረስ ፖርቱ እንደተኛ ይቆያል። የሚነቃው ኤሌክትሪኩ ከሁሉም በኩል ሲቋረጥበት ነው። በእኛ ንባብ ቤት ግድግዳው ቢነቀልም ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ከባትሪው ሣጥን በሦስተኛው ገመድ በኩል እየመጣ ነበር።

ይህን በወሬ እንዳላስቀረው ኮሚቴው በተገኘበት ሞከርነው። ዊንዶውሱን አስነሥተን አጠፋን፤ ሊኑክሱን ስናስነሣ ፖርቱ የለም። ግድግዳውንና ኬብሉን ነቅለን፣ ቆይተን ሰካን፤ አሁንም የለም። ሦስተኛውን ገመድ ጨምረን ስንነቅልና ስንመልስ መጣ። ደጋግመን ሞክረናል፤ ውጤቱ አልተለወጠም። የተፈራረሙት አባላት ስም ከዚህ ጋር ተያይዟል።

9. ከዚህ የሚከተለውን ክቡርነትዎ እንዲመለከቱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፖርቱ አልተቃጠለም፤ ስለዚህ የሚጠየቅበት ሰው የለም። ነገር ግን እኔ እዚህ ላይ ማቆም አልፈልግም። ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ በየሳምንቱ በዊንዶውስ የጥሪ ወረቀት ይጽፉ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ በሊኑክስ ሕዝቡን ያስተናግዱ ነበር። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ፖርቱ አንድ ቀን እንኳ ጠፋ ብሎ ለጽሕፈት ቤትዎ ያመለከተ የለም። በዊንዶውስ ጽፈው ሦስተኛውን ገመድ ሳይነቅሉ የሄዱበት አንድ ማታ ቢኖር ኖሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ፖርቱ አይገኝም ነበር። ፖርቱ የጠፋው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ የራሳቸው መጥሪያ በተጻፈ ቀን፣ የሚነቅል ሰው ሲታጣ ነው። ሪፖርቱ የቸልተኝነታቸው ማስረጃ ያደረገው ነገር የጥንቃቄያቸው ማስረጃ ነው።

10. የመጨረሻውን ማታ በተመለከተ ግን ይህም አያስረዳም፤ ያን ቀን ዊንዶውስ ከፍተው እንደሆነ አላውቅም። ይህን አንቀጽ ባዶ ልተወው ነበር። ሙከራውን ያደረግን ቀን፣ ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ፣ አቶ ኩንጁራማን በረንዳው ላይ ቀሩ። አቶ ጂንሶን በመጡ ጊዜ እርሳቸው ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሌላ ከተማ ሄደው ነበር፤ ማንም የጠየቃቸው የለም። ዣንጥላቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ቆይተው የነገሩኝን ቃል በቃል እነሆ፦

«እትዬ ሱሎቻና፣ ያን መጥሪያ ልጽፍ የገባሁ ቀን፣ ቁልፉን ብጫነው ብጫነው አልነሣም አለኝ። ተበላሸ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ባይ፣ ተነቅሏል። ‹አንተ ሰውዬ፣ ሞተህም ትነቅልብኛለህ?› አልኩት። ከዚያ እዚያው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄ ለማን ይወራል? ሽማግሌው ኩንጁራማን ጠረጴዛ ሥር ሲያለቅስ ተገኘ ይባል?»

«ስንቱ ነበር የተነቀለው?» አልኳቸው።

«ሦስቱም። ሦስቱንም መልሼ የሰካሁት እኔ ነኝ።»

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው፣ «ባለሙያው ተቃጥሏል ካለ፣ የኔ ልቅሶ ምን ይለውጣል ብዬ ነው» አሉ። ይህን ቃላቸውን ለመፈረም ተስማምተዋል፤ ማልቀሳቸው እንዳይጻፍ ለምነውኝ ነበር። ካልተጻፈ ቀኑን በደንብ ለማስታወሳቸው ምክንያት አይኖረውም ብዬ አስፈቅጃቸዋለሁ። ይህን ያነበበ ሁሉ ማልቀሳቸውን ለሌላ እንዳያወራባቸው አደራ እላለሁ።

እኔ ይህን ስሰማ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ካረፉበት ጠዋት ወዲህ የሆነ ነገር ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ የመጨረሻ ማታ ዝናቡ ሲያባራ ባለቤቴ ጠረጴዛው ሥር ገብተው፣ በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ሦስቱንም ነቅለው ነው ወደ እኔ የመጡት። በዚህ ዓለም ላይ ሠርተው የጨረሱት የመጨረሻ ሥራ ይህ ነበር፤ እኔ ግን ረስተው ይሆናል ብዬ ነበር።

11. ስለዚህ፦

ሀ) በሪፖርቱ ላይ ያለው «በቸልተኝነት» የሚለው ቃል እንዲሰረዝ፣ መሰረዙም ለንባብ ቤቱ ኮሚቴ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤ ኮሚቴው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤

ለ) ኮምፒውተሩ ይወገድ የተባለው ትእዛዝ እንዲነሣ። አቶ ጂንሶን ተመልሰው ቢያዩት ደስታዬ ነው፤ ሻይ አፈላላቸዋለሁ፤

ሐ) በሌሎች መንደሮችም በመብረቅ ተቃጠሉ ተብለው ከተመዘገቡት ፖርቶች ውስጥ የተኙ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ለንባብ ቤቶች ሁሉ በሚጻፈው መመሪያ ላይ ሦስተኛው ገመድም ይነቀል የሚል ቃል እንዲጨመር። የባለቤቴ ስም ባይጠቀስም ቅር አይለኝም።

12. ይህን አቤቱታ የጻፍኩት በንባብ ቤቱ ኮምፒውተር፣ በዊንዶውሱ በኩል ነው፤ የቋንቋችን መጻፊያ ያለው እዚያ ብቻ ነውና። ነገ ሽማግሌዎቹ ለጡረታ ማረጋገጫቸው ይመጣሉ። አትሜ እንደጨረስኩ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሦስቱንም ነቅዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

የክቡርነትዎን መልስ በተስፋ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሱሎቻና ዲቫካራን
ካዳምባቶድ መንደር ንባብ ቤት

ግልባጭ፦
ለንባብ ቤቱ ኮሚቴ
ለአቶ ጂንሶን፣ ለመረጃ ያህል